የሞተር መጋዝን ኃይል ስለ መጨመር
በባሕር ጠረፍና በደጋ ለሚሠሩ የተሰጠ ትምህርት

ጅቡቲ የባሕር በር ከተማ እንደ መሆንዋ፥ ወደ ደጋው አገር የሚወጣው መሣሪያ አብዛኛው መጀመሪያ የሚያርፈው በዚህች ከተማ ወደብ ነው። ከተማዪቱ በ1888 ከተቈረቈረች በኋላ የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከዚሁ ተጀምሮ፥ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሐዲድ በአሮጌው ፈንታ ቢተካም፥ የጕዞው ጠባይ አልተለወጠም፤ ዕቃው ከባሕር ወለል ተነሥቶ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ አገር ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ ዕቃ መካከል አንዱ በቤንዚን የሚሠራው የሞተር መጋዝ ነው። የመንገድ ሥራ፥ የማዘጋጃ ቤትና የደን ሠራተኞች፥ እንጨት ነጋዴዎችም ይገለገሉበታል። መጋዙ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ግን ባለቤቱ «ኃይል አነሰው» ማለት ይጀምራል። ጋራዥ ቢወስደው ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ ማርሚታውን ከፍቶ ጭሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ማስፋት ነው። ይህ ምክር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ፈጽሞ እውነትም አይደለም። ምክንያቱን ሳያውቁ የሚሠሩበት ሰዎች ግን ገንዘብ የወጣበትን መሣሪያ በአንድ ቀን ያቃጥላሉ፤ የሠራተኛውንም ጆሮ ያደነቍራሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ

ከመጀመሪያዎቹ የሞተር መጋዞች መካከል በጀርመን አገር የተሠሩት ይገኛሉ። በ1927 ኤሚል ሌርፕ የሠራው የቤንዚን መጋዝ ዶልማር በሚባለው ተራራ ላይ ተፈተነ፤ አንድሬያስ ሽቲልም በ1926 በኤሌክትሪክ፥ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ አወጣ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ መጋዞች እጅግ ከባዶች ስለ ነበሩ የሚይዙዋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው የሽቲል መጋዝ የወጣው በ1950 ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት መሆኑም ክብደቱ እንዲቀንስ ይረዳል።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ በ1889 ያሰበው ይህ ዓይነቱ ሞተር እንደ ኦቶሞቢል ሞተር የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች የሉትም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሉ፤ ፒስቶኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ራሱ ይከፍታቸዋል፤ ራሱም ይዘጋቸዋል። ፒስቶኑ ሲወጣ ከበታቹ ባለው የታፈነ ክፍል ውስጥ አዲስ የአየርና የቤንዚን ቅልቅል ይሳባል። ከላይ ያለው ቅልቅል በካንዴላው ብልጭታ ሲነድ ፒስቶኑ ወደ ታች ይገፋል፤ በዚያን ጊዜ አስቀድሞ የጭሱ መስኮት፥ ቀጥሎም የአዲሱ ቅልቅል መስኮት ይከፈታል። አዲሱ ሲገባ አሮጌውን ጭስ ገፍቶ ያስወጣል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው እጅግ ባጠረ ጊዜ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 13,500 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 225 ጊዜ ይነዳል ማለት ነው። ሲሊንደሩ 50 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቢሆን፥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 675 ሊትር ያህል ቦታ ተሞልቶ ባዶ ይሆናል። ይህን ያህል ጭስ በዚያች ትንሽ ማርሚታ በኩል መውጣት አለበት። መውጫው ከጠበበ ጭሱ በሲሊንደሩ ውስጥ ይቀርና የአዲሱን ቅልቅል ቦታ ይይዛል፤ ኃይልም ይቀንሳል። ማርሚታውን ማስፋት ይጠቅማል የሚለው አሳብ መነሻው ይህ ነው።

ጭስን ስለ ማስወጣት ሊቃውንት የደረሱበት

የጭስ መውጫ የሞተርን ኃይል እንደሚወስን የታወቀው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በእንፋሎት ባቡር ዘመን አንድሬ ሻፕሎን የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1929 አንድ አሮጌ ባቡር አድሶ ኃይሉን እጅግ ከፍ ባደረገ ጊዜ፥ የእንፋሎቱን መውጫ አሻሽሎ ነበር። ነገር ግን ሻፕሎን መውጫውን ብቻ አልነካም፤ እንፋሎቱ ከሚፈጠርበት ጀምሮ እስከሚወጣበት ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ አስተካከለ። አንዱን ክፍል ብቻ መለወጥ ሌላውን እንደሚያዛባ ዐውቆ ነበርና።

ባለ ሁለት ምቱን ሞተር በሚመለከት ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን በኤምዜት የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቫልተር ካደን ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ጭሱ ከሲሊንደሩ ሲፈነዳ በቱቦው ውስጥ የግፊት ማዕበል ይሄዳል፤ ቱቦው ሲሰፋና ሲጠብብ ማዕበሉ ተመልሶ ይመጣል። ካደን የቱቦውን ቅርጽና ርዝመት በልክ በመሥራት፥ ተመላሹ ማዕበል በጭሱ መስኮት በኩል ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ቅልቅል ወደ ሲሊንደሩ እንዲመልሰው አደረገ። በዚህም ብልሃት በ1961 የ125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር 25 የፈረስ ጕልበት ያህል ለመስጠት በቃ። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኤርንስት ዴግነር ከምሥራቅ ጀርመን ኰብልሎ ዕውቀቱን ይዞ ወደ ጃፓን ሱዙኪ ሄደ፤ በማግሥቱም ዓመት በ1962 ሱዙኪ በ50 ሴንቲ ሜትር ኩብ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኃይልን የጨመረው ቀዳዳን ማስፋት ሳይሆን ማዕበሉን በልክ መጠቀም ነው። የመጋዝ ማርሚታ ደግሞ እንደዚያ ያለ ቱቦ አይደለም፤ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። በ13,500 ዙር ለሚሠራ ሞተር የካደንን ዓይነት ቱቦ ለመሥራት ቢፈለግ ርዝመቱ በሒሳብ ግማሽ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ይህን በእጅ በሚያዝ መጋዝ ላይ ማንጠልጠል አይቻልም። ስለዚህ የመጋዝ ማርሚታን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ከመታፈን መዳን ብቻ ነው። ፋብሪካው ድምፅንና ጭስን ለመቀነስ መውጫውን እጅግ ያጠበበበት መጋዝ ሲከፈት በግልጽ ይበረታል፤ መውጫው ቀድሞም በቂ የሆነለት መጋዝ ግን ከጩኸት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ አልፈው በሲሊንደሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን አውጥተው ሲሊንደሩን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ቅልቅሉ ይበልጥ እንዲታመቅ ነው። ይሁን እንጂ በፒስቶኑና በሲሊንደሩ ጣራ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሰ፥ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ፒስቶኑ ጣራውን ሊመታ ይችላል። ክፍተቱ በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ የእርሳስ ሽቦ አስገብቶ፥ ሞተሩን በእጅ አዙሮ፥ የተደፈጠጠውን ሽቦ በመለካት ይታወቃል። ይህን ሳይለካ ጓርኒሲዮን የሚያወጣ ሠራተኛ በሰው ገንዘብ ዕጣ እንደሚጥል ይቈጠራል።

የአየሩ ነገር፤ ጅቡቲና አዲስ አበባ

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንመጣለን። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ ለመንደድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ የሚበልጠው ኃይል የሚገኘው ግን ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ከ12 እስከ 13 ኪሎ አየር ሲደርሰው ነው። አየሩ ከዚህ መጠን ሲበዛ ቅልቅሉ «ቀጠነ» ይባላል፤ ቤንዚኑ ሲበዛ «ወፈረ» ይባላል።

አየር ክብደት አለው፤ ክብደቱም እንደ ቦታው ይለያያል። በባሕር ወለል በ15 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.22 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ያው አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1.12 ኪሎ ይወርዳል። በአዲስ አበባ በልከኛ ቀን ደግሞ 0.91 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ መጋዝ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 4 የፈረስ ጕልበት አለው ቢባል፥ በሐምሌ ቀትር በጅቡቲ ከመቶ 8 ያህል፥ በአዲስ አበባ ደግሞ ከመቶ 25 ያህል ያጣል፤ በደጋው የሚቀረው 3 የፈረስ ጕልበት ገደማ ነው። በደጋው «ኃይል አነሰው» የሚባለው መጋዝ ብዙ ጊዜ ሕመም የለበትም፤ የሚተነፍሰው አየር ነው የሳሳው። ይህን ጕድለት ማርሚታ በመብሳት መመለስ አይቻልም።

የባሰው ጕዳት የሚመጣው በመመላለስ ነው። ተራ ካርቡራቶር የአየሩን መሳሳት አያውቅም። በጅቡቲ በልክ የተስተካከለ መጋዝ አዲስ አበባ ሲደርስ ቅልቅሉ ይወፍራል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ይንተባተባል። በዚያ ያለው ሠራተኛም ‹ኤች› የሚል ምልክት ያለባትን የካርቡራቶር ብሎን ጠበቅ አድርጎ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ መጋዙም ይሻለዋል። እስከዚህ ድረስ ሥራው ትክክል ነው። ነገር ግን ያው መጋዝ ብሎኑ ሳይነካ ወደ አፋር ቈላ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አየሩ ይከብዳል፤ በሒሳብ ሲሠላ ቅልቅሉ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይቀጥናል። በዚህ ላይ ማርሚታው ተከፍቶ ከሆነ ሞተሩ ተጨማሪ አየር ስለሚያሳልፍ ቅልቅሉ ከዚያም ይበልጥ ይቀጥናል።

ቅልቅል መቅጠን ለባለ ሁለት ምት ሞተር ለምን እንደሚከፋ ማስተዋል ይገባል። በዚህ ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ቤንዚን ሲቀንስ ዘይትም አብሮ ይቀንሳል። ቤንዚኑ በሚተንበት ጊዜ የሚያቀዘቅዘውም ይጎድላል፤ እሳቱ ደግሞ ይግላል። ፒስቶኑ በሙቀት ያብጣል፤ ዘይቱ ያልበቃው የሲሊንደር ግድግዳ ይቧጨራል፤ በመጨረሻም ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አታላዩ ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ሞተሩ ሊሞት ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ ዙሩ ይጨምራል፤ የያዘውም ሰው «አሁን ገና በረታ» ብሎ ይደሰታል። ደስታው ብዙ ደቂቃ አይቈይም።

ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ግን አስቸጋሪ አይደለም። ካንዴላው ሲወጣ መልኩ እንደ ተቈላ ቡና ከሆነ ቅልቅሉ ልክ ነው፤ ነጭ ከሆነ ቀጥኗል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወፍሯል። መጋዙ እንጨት ሳይነካ በሙሉ ኃይል ሲዞር ድምፁ ትንሽ እንደ መንተባተብ ሊል፥ እንጨት ሲገባ ደግሞ ሊጠራ ይገባል። እንጨት ሳይነካም እንደ ወባ ትንኝ ቀጥኖ የሚጮኽ ከሆነ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። በዘመናችን ካርቡራቶራቸው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ራሱን የሚያስተካክል መጋዞች ተሠርተዋል፤ ለሚመላለስ ሠራተኛ የሚስማሙት እነዚህ ናቸው።

አንዳንዶች ሞተሩን ከሙቀት ለማዳን ሲሉ ዘይት ያበዛሉ። አንድ ለሃምሳ በሚባለው መጠን ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፥ አንድ ለሃያ አምስት በሚባለው ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ዘይት ሲጨመር ግን በዚያው ልክ ቤንዚኑ ይቀንሳልና፥ ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለ ቅልቅሉ ይቀጥናል። ስለዚህ መጠኑን በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው መጠበቅ ይሻላል።

ስለ ጆሮና ስለ እሳት

ማርሚታ የተሠራው ለድምፅ ነው። ያልተነካ የሞተር መጋዝ ድምፅ እንኳ በያዘው ሰው ጆሮ አጠገብ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የጤና ጠበብት እንደሚመክሩት 85 ዴሲቤል ድምፅ ባለበት ሰው በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሊቈይ አይገባውም፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል። በዚህ ስሌት ለ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፥ ለ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ፥ ለ106 ዴሲቤል አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይደርሳል። እንግዲህ ጆሮውን ሳይሸፍን በተከፈተ ማርሚታ ቀኑን ሙሉ የሚቈርጥ ሰው፥ የቀኑን ዋጋ ጠዋት ሳይመሽ በጆሮው ከፍሎ ጨርሷል። በጩኸት የሞተ ጆሮ ደግሞ በመድኃኒት አይመለስም። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ጆሮውን ሲያጣ ከኋላው የሚመጣውን ካሚዮን፥ ከላይ የሚሰነጠቀውንም ዛፍ አይሰማም።

በማርሚታው መውጫ ላይ ያለችው ቀጭን የሽቦ ወንፊት ሌላ ሥራ አላት። የነደደ የጥላሸት ፍንጣሪ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ትከለክላለች። ማርሚታ የሚከፍቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚጥሉት እርስዋን ነው። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን በጎዳ ተራራ ላይ የሚገኘውን የዳይን ደን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ይረዳል። በ1939 ፓርክ ሆኖ የተከለለው ይህ ደን ዋናው ዛፉ በኢትዮጵያ ደጋ የምናውቀው ጽድ ነው። በድርቅ፥ በከብት ብዛትና በማገዶ ምክንያት ብዙው ጽድ ደርቆ ቆሟል። በዚያ አጠገብ ወንፊት የሌለውን መጋዝ ማስነሣት በጭድ ክምር አጠገብ ክብሪት እንደ መጫር ነው። አገሩ ያለው ደን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከጠፋ የሚተካው የለም።

ኃይልን ያለ አደጋ ስለ ማግኘት

እንግዲህ ደካማ መጋዝ ያለው ሰው ምን ያድርግ? አብዛኛው መድኃኒት ያለው ከሞተሩ ውጭ ነው።

መጀመሪያ ሰንሰለቱን ይመልከት። ስለታም ሰንሰለት እንጨቱን በቅርፍት ያወጣዋል፤ የደነዘ ግን እንደ ዱቄት ያደቀዋል፤ የሞተሩም ኃይል ለመፋተግ ብቻ ይጠፋል። በጅቡቲና በአፋር ቈላ የተዛመተው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻማ ዛፍ እንጨቱ ጠንካራ፥ ቅርፊቱም አሸዋና አቧራ የለበሰ ስለ ሆነ ጥርሱን ፈጥኖ ያደነዝዛል። ቤንዚን በተሞላ ቍጥር እያንዳንዱን ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ በሞረድ ማለፍ ማርሚታ ከመክፈት የበለጠ ይጠቅማል። ከጥርሱ ፊት ያለችውም ጕብታ ከጥርሱ ጫፍ ዝቅ ማለት የሚገባት ብዙ ጊዜ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ ካነሰ መጋዙ አይነክስም፤ ከበዛ ደግሞ ይዘላል፤ ያዡንም ይመታል።

ሁለተኛ የአየር ማጣሪያውን ይጠብ። ካምሲን የሚባለው የበጋ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት ማጣሪያው በየቀኑ በአቧራ ይደፈናል። የተደፈነ ማጣሪያ ሞተሩን ያፍናል፤ የተቀደደ ማጣሪያ ደግሞ አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ማጣሪያው ሳይጸዳ የካርቡራቶርን ብሎን መንካት አይገባም።

ሦስተኛ ማርሚታውን ከመብሳት ይልቅ ያጽዳው። የጭሱ መስኮትና የሽቦዋ ወንፊት በጥላሸት ሲደፈኑ ሞተሩ እውነትም ይታፈናል። ፒስቶኑ መስኮቱን በዘጋበት ሰዓት ጥላሸቱን በእንጨት ስንጣሪ ፍቆ፥ ወንፊቷን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ መመለስ የጠፋውን ኃይል ይመልሳል፤ ምንም ነገር አያፈርስም።

አራተኛ ለደጋ የሚገዛ መጋዝ ከመጀመሪያው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይሁን። አንድ አራተኛ ኃይል በአየሩ መሳሳት እንደሚጠፋ ታውቆ ከተገዛ በኋላ የሚያስቈጭ ነገር አይኖርም።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች

መጋዝ ያለው መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ መጋዝ አንድ ደብተር ቢያዘጋጅ ይበጃል። በደብተሩ ካርቡራቶሩ መቼ፥ በየትኛው ከተማና በማን እጅ እንደ ተስተካከለ ይጻፍ። መጋዙ ከደጋ ወደ ቈላ ወይም ከቈላ ወደ ደጋ ሲላክ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ እንደ ገና ይስተካከል። ማርሚታው እንዲከፈት የሚፈቀድ ቢሆን እንኳ፥ ወንፊቷ እንድትመለስ፥ ቅልቅሉም በዚያው ቀን ወፈር እንዲል ይታዘዝ። የጆሮ መሸፈኛ ሳይሰጥ መጋዝ ለሠራተኛ አይሰጥ።

በመጨረሻም ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። የሞተር ኃይል ከየትም አይፈጠርም፤ ከአየር፥ ከቤንዚንና ከጥንቃቄ ይገኛል። በአንዱ በኩል የጨመሩት ኃይል በሌላው በኩል ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ማርሚታውን የከፈተው ሰው ሳይሆን፥ መጋዙን ቀኑን ሙሉ በእጁ የያዘው ሠራተኛ ነው። አስተዋይ ኃላፊ ስለ መጋዙ ኃይል ከመጠየቁ በፊት ስለ ሰንሰለቱ ስለት ይጠይቃል።